ያለ ጆይስቲክ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ፦ ስለ ኪኔክት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኪኔክት መመረት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄው ግን አላቆመም። አንዱ ዘመድ ከውጭ ልኮለት ይጠይቃል። ሌላው ያገለገለ ሲሸጥ አይቶ ልቡ ይከጅላል። ሌላዋ ልጆቿ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድመው መዋላቸው አስጨንቋት መላ ትፈልጋለች። ከዚህ በታች ደጋግመው ከሚመጡት ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ይህን ዕቃ እወደዋለሁ። አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው ሲያማርርበት ከሰማችሁ ግን መጀመሪያ የሳሎናቸውን ስፋት ጠይቁ። ቀጥሎ ማን እንደሚጫወትበት ጠይቁ። አብዛኛው የአስተያየት ልዩነት የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ኪኔክት ምንድን ነው?

ኤክስቦክስ 360 ለተባለው የማይክሮሶፍት የጌም ማሽን የተሠራ፣ የሰውነታችሁን እንቅስቃሴ እያየ ጌም የሚያጫውት፣ ቲቪ አጠገብ የሚቀመጥ ረዘም ያለ ጥቁር ሴንሰር ነው። ማይክሮሶፍት በጁን 2009 «ፕሮጀክት ናታል» በሚል ስም አስተዋወቀው። በኖቬምበር 2010 አሜሪካ ውስጥ በ150 ዶላር ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ተሸጠ። ጊነስም በፍጥነት በመሸጥ ክብረ ወሰን የሰበረ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብሎ መዘገበው።

ሰውነት የሚያንቀሳቅሱ ጌሞች ከእሱ በፊትም ነበሩ። በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ ዊ ግን እጅ ላይ የሚያዝ ሪሞት አለው። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 2 በ2003 ያወጣው አይቶይ ምንም አያስይዝም፤ ነገር ግን ተራ ካሜራ ስለሆነ ርቀት አይለይም። ኪኔክት ርቀት ይለካል። ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

እንዴት ነው የሚያየን?

በዓይን የማይታዩ ብዙ የኢንፍራሬድ ነጥቦችን ወደ ክፍሉ ይረጫል። አንድ ካሜራ ነጥቦቹ የት እንዳረፉ ይመለከታል። ቅርብ ነገር ላይ ያረፈ ነጥብና ሩቅ ነገር ላይ ያረፈ ነጥብ ቦታቸው ይለያያል። ርቀቱ የሚሰላው ከዚያ ነው። ይህን ዘዴ ያመጣው ፕራይምሴንስ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ነበር። በኋላ በ2013 አፕል ገዝቶታል። ስልካችሁ ፊታችሁን አይቶ የሚከፈት አይፎን ከሆነ፣ እሱም ፊታችሁ ላይ የኢንፍራሬድ ነጥቦች እየረጨ ነው የሚለያችሁ።

ከዚያ ሶፍትዌሩ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ እጅ ነው፣ ይህ ጉልበት ነው፣ ይህ ራስ ነው እያለ ይለያል። ለአንድ ተጫዋች 20 መገጣጠሚያዎችን በሰከንድ 30 ጊዜ ይከታተላል። ክፍሉ ውስጥ እስከ 6 ሰው መኖሩን ማወቅ ይችላል። እንቅስቃሴያቸውን በሙሉ የሚከታተለው ግን የሁለቱን ብቻ ነው። ባለ ቀለም ካሜራ፣ አራት ማይክሮፎኖችና አንገቱን ቀና ደፋ የሚያደርግ ሞተርም አለው። አንገቱን በእጃችሁ አታጣምሙት፤ በራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ሰውን ከሁሉም በላይ ያስከፋውም ይሄው ነው።

ማይክሮሶፍት ለአንድ ተጫዋች ከሴንሰሩ 1.8 ሜትር ያህል፣ ለሁለት ተጫዋቾች 2.4 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ ይላል። ይህ እስከ ቆማችሁበት ድረስ ያለው ብቻ ነው። ከኋላችሁ ወደኋላ የምትረግጡበት፣ ከጎን እጃችሁን የምትዘረጉበት ቦታ ይጨመርበታል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲዘል ደግሞ ወርዱም መስፋት አለበት።

አሜሪካ ሰፊ ሳሎን ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ምንም አይመስለውም። ለንደን ወይም ቶኪዮ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ዕቃውን ገዝቶ ቤት ካስገባ በኋላ ነው ችግሩን ያየው። «ወደኋላ ሂድ» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ወደኋላ ሲሄድ ሶፋው ይይዘዋል። በወቅቱ ከአውሮፓና ከጃፓን የተሰማው ቅሬታ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነበር። እኛም ዘንድ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ አልጋውም ቡፌውም ቲቪውም አንድ ክፍል ላይ ነው። እዚያ ላይ ኪኔክት አይመከርም። ባለ አንድ መኝታም ቢሆን ሶፋውን ገፍታችሁ፣ ጠረጴዛውን አውጥታችሁ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር አውጡና ለኩ። በዓይን አትገምቱ። ቲቪው ከተቀመጠበት ግድግዳ ተነስታችሁ 2.4 ሜትር ላይ ቁሙ። እጃችሁን ዘርጉ። አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ሂዱ። ምንም ካልነካችሁ ቤታችሁ ይበቃል።

ሴንሰሩ ከወለሉ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ 1.8 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት። የጸሐይ ብርሃን ቀጥታ የሚገባበት መስኮት ካለ መጋረጃውን ዝጉ። ጸሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ ስላላት ነጥቦቹን ትውጣቸዋለች። ማታ ላይ በደንብ ሲሠራ የነበረው ዕቃ ከሰዓት በኋላ «ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ከታች ሰው እንዳለ አትርሱ። ከኪኔክት ጋር አብሮ የሚመጣው ጌም፣ «ኪኔክት አድቬንቸርስ»፣ ገና ከመጀመሪያው ዝለሉ ነው የሚለው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባትዘሉ ጉርብትናችሁ ይሰነብታል።

ሰዎች በጣም የወደዱት ምኑን ነው?

ጌም የማያውቅ ሰው ማስገባቱን። ይህን የሚተካከል ሙገሳ የለውም።

ጆይስቲክ ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ለማያውቀው ግን አሥራ ምናምን ቁልፍ ያለበት ዕቃ ነው። እናትህ፣ አክስትህ፣ የአምስት ዓመቷ ልጅህ ሲቀበሉህ መጀመሪያ የሚያዩት ቁልፉን ነው፤ ስክሪኑን አያዩም። ኪኔክት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ቦውሊንግ ከሆነ እጅህን ወደኋላ ወስደህ ወደፊት ትወረውራለህ። አለቀ። ማንም አያስረዳህም። ስለዚህ ተጠቃሚዎች ደጋግመው የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ተጫወተች፤ ጌም ጠልታ የኖረች ሚስት አልቀመጥም አለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ሞቀ።

ሁለተኛው የተወደደው ፎቶው ነው። «ኪኔክት አድቬንቸርስ» ስትጫወቱ መሀል መሀል ላይ ፎቶ ያነሳችኋል። ጨዋታው ሲያልቅ ያሳያችኋል። አፍ ተከፍቶ፣ አንድ እግር አየር ላይ ሆኖ። ነጥብ ስንት እንዳገኘ ማንም አያስታውስም፤ ፎቶውን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ያየዋል። ይህን ያሰበው ሰው የቤት ጨዋታ ምን እንደሆነ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው፣ የሚመለከተውም ሰው መደሰቱ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ሁለት ሰው ሲጫወት ሌላው ተራ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ኪኔክት ላይ ዓይን የሚስበው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ተራ መጠበቅ አይሰለችም።

«ይዘገያል» የሚሉት እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። እጃችሁን ስታነሱና ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እጁን ሲያነሳ መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሴንሰሩ በሰከንድ 30 ጊዜ ነው የሚያየው። ያየውን መተርጎም ጊዜ ይወስዳል። ቲቪው ደግሞ የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ቲቪያችሁ «ጌም ሞድ» ካለው አብሩት፤ ልዩነቱ ይታያል።

ይህ ክፍተት በሁሉም ጌም ላይ እኩል አያስቸግርም። ዳንስ ላይ ቀጣዩ እርምጃ ቀድሞ ስለሚታያችሁ አትሰሙትም። ቦውሊንግ ላይ ምንም አይደለም። ቦክስና ቴኒስ ላይ ግን ይሰማል። ጆይስቲክ ይዘው ተኩስ ሲጫወቱ የኖሩ ልጆች በኪኔክት የተናደዱት በዚህ ነው፤ አልፈርድባቸውም። አውራ ጣት በትንሹ ነክቶ የሚያደርገውን ነገር ክንድ በሙሉ ተወዛውዞ በዚያ ፍጥነት ሊያደርገው አይችልም። በ2012 የወጣው «ስቲል ባታሊየን፦ ሄቪ አርመር» ትክክለኛ እንቅስቃሴ በሚጠይቅ ጨዋታ ላይ በኪኔክት ተማምኖ ክፉኛ የተተቸው ለዚህ ነው።

ሌላው ቅሬታ ሜኑ ላይ ነው። አንድ ነገር ለመምረጥ እጅን አንስቶ ምልክቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማቆየት ያስፈልጋል። አንዴ ሁለቴ ደስ ይላል። ሲደጋገም ክንድ ይዝላል። «ዳንስ ሴንትራል» የተባለው የዳንስ ጌም ይህን ቀድሞ አስቦበት እጅን በአየር ላይ ወደ ጎን በመጥረግ እንዲመረጥ አደረገ። ብዙ ሰው ከማይክሮሶፍት ሜኑ ይልቅ የእሱን ወደደው።

ጥቁር ቆዳ ያለውን ሰው አይለይም ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ወሬ የመጣው ኪኔክት በወጣበት ሰሞን ነው። ጌምስፖት የተባለው የጌም ድረ ገጽ፣ ኪኔክት ሁለት ጥቁር ሠራተኞቹን በፊት መለያው በኩል ለመለየት እንደተቸገረ ጻፈ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ቀጥሎ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው ዕቃዎችን የሚፈትሽ የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ሞከረው። ችግሩ የክፍሉ ብርሃን ማነስ እንደሆነ፣ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ቆዳው የነጣ ሰውንም እንደሚያስቸግር ጻፈ።

ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። የፊት መለያው በተራ ካሜራ ስለሚሠራ ብርሃን ይፈልጋል። እንቅስቃሴ የሚከታተለው ግን በኢንፍራሬድ ነው። እሱ ጨለማ ውስጥም ይሠራል፤ የቆዳ ቀለም አይመለከተውም። ጨዋታው የሚቆመው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። አምፖል አብርታችሁ ተጫወቱ፣ አትጨነቁ። ጥያቄው መነሳቱን ግን እደግፋለሁ። ማሽን እኛን ማየት ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀሚስ ወይም ጋቢ ለብሼ፣ ወይም ተቀምጬ መጫወት እችላለሁ?

ጋቢውን አስቀምጡት። ሴንሰሩ የሚያየው የሰውነትን ቅርጽ ነው። ሰፊ ልብስ እጅና እግርን ስለሚሸፍን ግራ ያጋባዋል። ረጅም ቀሚስ ሁለቱን እግሮች አንድ ያደርግበታል። ጠበብ ያለ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል።

መቀመጥም አይመከርም። የ360ው ጌሞች አብዛኞቹ የተሠሩት ለቆመ ሰው ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች በዚህ በጣም አዝነዋል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። ያለ ጆይስቲክ መጫወት እነሱንም ሊጠቅም የሚችል ነገር ነበር።

እስክስታ ለምትወዱ ደግሞ፣ ኪኔክት እያንዳንዱን ትከሻ የሚያየው በአንድ ነጥብ ነው። እጅ ሲዘረጋ፣ እግር ሲነሳ በደንብ ይይዛል። ትከሻ ላይ ብቻ የሚሄደውን ፈጣን እንቅጥቅጥ ግን በወጉ አይለየውም። የዳንስ ጌሞቹም የተሠሩት ለፈረንጆቹ ፖፕና ሂፕ ሆፕ ነው። በኪኔክት እስክስታ አስተምራለሁ ብላችሁ አታስቡ።

የትኞቹን ጌሞች ላግኝ?

መጀመሪያ «ዳንስ ሴንትራል»። ሃርሞኒክስ ነው የሠራው፤ ለኪኔክት ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ስትሳሳቱ የተሳሳተው እጅ ወይም እግር ስክሪኑ ላይ ባለው ዳንሰኛ ሰውነት ላይ ቀይ ይሆናል። የቱ ጋ እንደሳታችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ለቤተሰብ «ኪኔክት ስፖርትስ»። ሬር የሠራው ነው። እግር ኳስ፣ ቦውሊንግ፣ ቮሊቦል፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቦክስና አትሌቲክስ አለው። አትሌቲክሱ አጭር ሩጫ፣ መሰናክል፣ ዝላይና ውርወራ ነው። ረጅም ርቀት የለም። ለሕፃናት «ኪኔክቲማልስ» አለ፤ የነብርና የአንበሳ ግልገል እያጫወቱ የሚያሳድጉበት ነው። «ኪኔክት አድቬንቸርስ» ከሴንሰሩ ጋር አብሮ ይመጣል። እሱ ውስጥ ውኃ የሚያፈስ ስንጥቅ በእጅና በእግር የሚደፈንበት ጨዋታ ላይ ሁለት ሰው ሲሆኑ ነው ደስታው።

ስፖርት ይተካል?

ያልባል። ልብ ያስመታል። ተቀምጦ ከሚጫወተው ጌም ጋር አይወዳደርም። «ዩር ሼፕ» የተባለው የዩቢሶፍት ጌም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ስኳት ስትወርዱ ጉልበታችሁን አይቶ ያርማችኋል። ነገር ግን ልጆች ውጭ ወጥተው ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ካለ እሱን ምረጡላቸው። ዝናብ የዋለበት የክረምት ቀን ላይ ግን ኪኔክት ወርቅ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ትከሻና ጭን ያማል፤ ይጠበቃል።

ካሜራው ይሰልለን ይሆን?

የ360ውን ገመድ ስትነቅሉት አያይም፣ አይሰማም። ፎቶዎቹም እናንተ ካላጋራችኋቸው በቀር ለሌላ ሰው አይታዩም።

ጭንቀቱ የበረታው በ2013 ማይክሮሶፍት ከ360 ቀጥሎ የሚወጣው ማሽን፣ ኤክስቦክስ ዋን፣ ያለ ኪኔክት አይሠራም ባለ ጊዜ ነው። ጊዜው የአሜሪካን መንግሥት ስለላ ያጋለጡት የኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶች የወጡበት ነበር። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰማ ማይክሮፎን አልፈልግም አለ። በኦገስት 2013 ኩባንያው ሐሳቡን ቀይሮ ሴንሰሩ ሳይሰካም ይሠራል አለ። ትክክለኛ ተቃውሞ ነበር።

በአማርኛ ቢያዙት ይሰማል?

አይሰማም። የድምፅ ትእዛዙ በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች ነው። በእጅ መምረጥ ስለሚቻል ጨዋታውን አይከለክልም።

እንዲህ ተወዶ ለምን ቀረ?

አዲሱ ኤክስቦክስ ዋን በኖቬምበር 2013 ከኪኔክት ጋር አብሮ በ499 ዶላር ወጣ። ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ነበር። ሰው የ100 ዶላሩን ልዩነት የሴንሰሩ ዋጋ አድርጎ ቆጠረው። በጁን 2014 ማይክሮሶፍት ያለ ኪኔክት በ399 መሸጥ ጀመረ። ያኔ ጌም ሠሪዎቹ ሁሉም ቤት ውስጥ ለማይገኝ ዕቃ መሥራታቸውን ተዉ። ጌም ሲጠፋ ገዢም ጠፋ። በኦክቶበር 2017 ምርቱ መቆሙ ተነገረ።

እኔ ግን ዋጋው ብቻ ነው አልልም። የገዛው ሰው በመጀመሪያው ወር በደስታ ተጫወተበት። ቀጥሎ ሶፋ መግፋቱ ታከተው። ጥሩ ጌምም በበቂ አልተከተለም። የቤተሰብ ዕቃ የነበረውን ነገር በማሽኑ ገዢ ሁሉ ላይ አስገዳጅ ለማድረግ መሞከራቸው ጎዳው ብዬ አስባለሁ።

ሴንሰሩ ግን ሌላ ቦታ ሰው አገኘ። ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ከኮምፒውተር ጋር እንዲሠራ የሚያደርግ ነፃ ሶፍትዌር ተጻፈለት። ከዚያ በኋላ የሮቦት ተመራማሪዎችና የሐኪም ቤት ባለሙያዎች ለሥራቸው ተጠቀሙበት።

ዘመድ ከአሜሪካ 360 ከነኪኔክቱ ልኮልኛል። አዲስ አበባ ይሠራል?

ይሠራል፤ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ግን ቁሙ። የአሜሪካው 360 የኃይል ሳጥን ለ110 ቮልት አካባቢ የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። ቀጥታ ከሰካችሁት ሊቃጠል ይችላል። ወይ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፣ ወይ ለዚያው ሞዴል የተሠራ የ220 የኃይል ሳጥን ፈልጉ። ትራንስፎርመር ስትገዙ የሚችለው ዋት ከሳጥኑ ላይ ከተጻፈው በደንብ መብለጥ አለበት።

ዲስኮቹንም አስቡ። ብዙ የ360 ዲስኮች በክልል የተከፋፈሉ ናቸው። የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓውን ዲስክ ላይቀበል ይችላል። ዘመዳችሁ ዲስኩንም ከዚያው ጨምሮ ቢልክ ይሻላል።

ዛሬ ያገለገለ ልግዛ?

ሳሎኑ ከበቃችሁ፣ ልጆች ካሉና ዋጋው ርካሽ ከሆነ አዎ። ሻጩ ፊት አስከፍቱና ሞክሩ። ሞተሩ ሲነሳ አንገቱ መንቀሳቀሱን እዩ። እጃችሁን ስታውለበልቡ መለየቱን አረጋግጡ።

ገመዱን አስተውሉ። በ2010 የወጣው ቀጠን ያለው 360 ለኪኔክት የራሱ መሰኪያ አለው፤ ኃይልም ከዚያው ይሰጠዋል። ወፍራሙ የድሮው 360 ግን ለብቻው ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተር ይፈልጋል። ከማሽን ጋር በአንድ ካርቶን የተሸጡት ኪኔክቶች ይህ አዳፕተር አብሯቸው አልመጣም። የኤክስቦክስ ዋኑ ኪኔክት ደግሞ ሌላ ነው፤ 360 ላይ አይሰካም። የ360ውም ዋን ላይ አይሠራም። አዲሶቹ ማሽኖች፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ፣ ሁለቱንም አይቀበሉም።

የ360 የኢንተርኔት መደብር በጁላይ 29, 2024 ተዘግቷል። ስለዚህ ጌሞቹን በዲስክ ማግኘት አለባችሁ። ማሽኑን ከዲስኮቹ ጋር የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ፣ ትንሽ ቢያስወድድም እሱን ምረጡ። አዲስ ነገር ለሚፈልግ «ኔክስ ፕሌይግራውንድ» የምትባል በካሜራ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን አሜሪካ ውስጥ ትሸጣለች፤ ያለ ጆይስቲክ ነው የምታጫውተው። አብዛኞቹን ጌሞቿን ለማግኘት ግን በየጊዜው መክፈል ስላለ፣ ዘመዳችሁን ላኩልኝ ከማለታችሁ በፊት ክፍያውን ማን እንደሚፈጽም ተነጋገሩ።